«የጊቤ ሸለቆ የብስክሌት ጉዞ» ልትከፍሉ ከሆነ፣ መጀመሪያ የትኛው ጊቤ በሉ

28,800 ብር ከፍለን 4,000 ተመለሰልን። አራት ነበርን። እኔ፣ ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ እና ለጥምቀት ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የመጣችው የእህቴ ልጅ። በነፍስ ወከፍ 7,200 ብር መሆኑ ነው። የተሸጠልን ነገር «የ3 ቀን የጊቤ ሸለቆ የብስክሌት ጉዞ» ይባላል። የሻጩን ስም አልጽፍም። ማስታወቂያው ግን አሁንም እየዞረ ነው። ጅማ ያላችሁም፣ ወደ ጅማ የምትመጡም፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይቺን አንብቡ።

ማስታወቂያው ያምራል፣ አልክድም። ከላይ ጂሬን ኮረብታ ላይ ያለው የጅማው ንጉሥ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ይታያል። ከታች ገደል፣ በገደሉ ውስጥ ወንዝ፣ በወንዙ ላይ ድልድይ። «ከቤተ መንግሥቱ እስከ ጊቤ ሸለቆ፣ በአምስቱ የጊቤ መንግሥታት ምድር» ይላል። ማርሽ ያለው ብስክሌት፣ ሄልሜት፣ ታሪክ አዋቂ አስጎብኚ፣ ከኋላ የሚከተል መኪና፣ የሁለት ሌሊት አልጋ፣ ምግብ። ከሁሉም ከሁሉም አንድ መስመር አለች፤ «መንገዱ አብዛኛው ቁልቁለት ስለሆነ ለጀማሪም ይመቻል።»

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ስደውል ሰውዬው ጨዋታ አዋቂ ነው። «ወንድሜ፣ እናንተ ብቻ ለመዝናናት ተዘጋጁ፣ ሌላውን ለእኛ ተዉት» አለኝ። ግማሹን፣ 14,400 ብር፣ በቀብድ መልክ በቴሌብር ላክን። ስልኩ ላይ የወጣው ተቀባይ ድርጅት አልነበረም፤ የግለሰብ ስም ነው። እዚህ ጋ መቆም ነበረብን። ደረሰኝ ስንለው «ስትመጡ» አለ። ስንመጣ «ቢሮ ነው» አለ። ቢሮው የት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅንም።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተገናኘን። ብስክሌቶቹ በእርግጥም ማርሽ አላቸው። አይቀየርም እንጂ አለ። የእህቴ ልጅ ብስክሌት ከባዱ ማርሽ ላይ ተቸክሎ ቀርቷል፤ ዳገት ሲመጣ ፔዳሉ ላይ ቆማ ነው የምትረግጠው። ሴላውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ብሎን ዝጎ አልፈታ አለ። የአንዱ ፍሬን ላስቲኩ አልቆ ብረት ከብረት ይፋጫል። ሄልሜት ለአራት ሰው ሁለት መጣ። ከሁለቱ አንዱ የሞተር ሳይክል ነው። በጥር ፀሐይ የሞተር ሄልሜት አጥልቃችሁ ብስክሌት ነድታችሁ ታውቃላችሁ? አትሞክሩት።

«መኪናውስ?» አልን።

«ነዳጅ ሰልፍ ላይ ነው። ሰርቦ ላይ ይደርስብናል።»

ቀሪውን ግማሽ እዚያው ከፈልን። አዎ፣ ይህን ሁሉ አይተን። ሰው ፈቃድ ወስዶ፣ ቦርሳ አዝሎ፣ ጎረቤት ሁሉ «መልካም ጉዞ» ብሎት ከወጣ በኋላ ወደ ቤቱ መመለስ ያፍራል። ሰውዬው ይህን ሀፍረት ጠንቅቆ ያውቀዋል። ቀሪ ሂሳብ ጠዋት እንጂ ማታ የማይቀበለውም ለዚህ ይመስለኛል።

ጂሬን ከከተማው ወደ 7 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቅርብ ነው፣ ግን ዳገት ነው። «አብዛኛው ቁልቁለት» የተባለው ጉዞ በዳገት ተጀመረ። አስጎብኚያችን በሞተር ነው የሚሄደው፤ ላይ ወጥቶ ጠበቀን። የመግቢያ ክፍያው «ፓኬጁ ውስጥ የለም» ተባለና ከኪሳችን ከፈልን። ከዚያ ልጁ አባ ጅፋር በአምስቱ ዓመት ወረራ ጣሊያንን እንዴት እንደተዋጉ ይተርክልን ጀመር። ዳግማዊ አባ ጅፋር የነገሡት እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ነው። ያ ወረራ የጀመረው በ1935 መጨረሻ ነው። ሰውዬው በመቃብር ውስጥ ሆነው ካልተዋጉ በቀር። እሳቸው የሚታወቁት በሌላ ነገር ነው፤ ለምኒልክ በጊዜ ገብረው ጅማን ከጦርነት አተረፏት፣ የውስጥ አስተዳደሯንም በእጃቸው አቆዩ። ይህን ጅማ ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ልጁ ምስኪን ነው፣ የተሰጠውን ወረቀት ነው የሸመደደው። እሱን አልወቅስም።

አሁን ወደ «አምስቱ መንግሥታት» ልምጣ፤ እኔን ከብስክሌቱ በላይ ያናደደኝ እሱ ነው። አምስቱ የጊቤ መንግሥታት ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራ እና ጅማ ናቸው። ጎማ አጋሮ አካባቢ ነው፤ ከጅማ ወደ ምዕራብ። ጉማና ጌራም በዚያው በምዕራቡ በኩል ናቸው። ሊሙ በስተ ሰሜን ነው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሲራራ ነጋዴ ቡናውን፣ ዝባዱን፣ የዝሆን ጥርሱን ጭኖ፣ ባሪያም እየነዳ፣ ከጅማው ሂርማታ ገበያ ወደ ሊሙ ሰቃ ይወጣ ነበር። ከዚያ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ባሶ ገበያ ይደርሳል። እኛን የወሰዱን በየት ነው? በአዲስ አበባው አስፋልት፣ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሰርቦ። ከአምስቱ መንግሥታት የረገጥነው አንዱን ብቻ ነው፤ እሱንም የምንኖርበትን። ለዚያ ለዚያ ባጃጅ ይበቃን ነበር።

አስፋልቱ ደግሞ የጭነት መኪናና የአገር አቋራጭ አውቶቡስ መንገድ ነው። አይሱዙው ከኋላ ጥሩንባውን ለቆ ሲመጣ ወደ ጠርዙ ትወርዳለህ፤ ጠርዙ ኮረት ነው። ሰርቦ ደረስን፣ መኪናው የለም። ምሳ በላን፣ መኪናው የለም። ከሰርቦ እንደወጣን የአንደኛው ጓደኛችን ጎማ ተነፈሰ። መለዋወጫው ያለው መኪናው ውስጥ ነው። መኪናው ያለው ነዳጅ ሰልፍ ላይ ነው። ብስክሌቱን እየገፋ ወደ ሰርቦ ተመለሰና አስነፍቶ መጣ፤ በየግማሽ ሰዓቱ እያቆመ በተዋሰው ፓምፕ እየነፋ ቀጠለ። እየመሸ አሰንዳቦ ገባን።

አሰንዳቦ የሆነውን ግን አልረሳውም። ብስክሌቱን አንድ አዛውንት ጎሚስታ ዘንድ ወሰድነው። ጎማውን ገልበጥ አድርገው አዩና ሳቁ።

«ልጄ፣ ይቺን ብስክሌት አውቃታለሁ» አሉ። «ይሄ ልጥፍ የኔ እጅ ነው። ይሄኛውም የኔ ነው። አምናም ለጥፌያታለሁ።»

«አባቴ፣ ታዲያ ለምን አይቀይሩትም?»

«ለምን ይቀይራሉ? የሚገፋት እንግዳው፣ የሚከፍለኝም እንግዳው።»

እውነታቸውን ነው። እሳቸውንም የከፈልነው እኛ ነን።

ማደሪያው አንድ ክፍል፣ ሁለት አልጋ፣ ለአራት ሰው። አጎበር የለም። ይሄን ጅማ ከተማ ያለ ሰው ቀላል አድርጎ ሊያየው ይችላል፤ የግልገል ጊቤ ግድብ ዙሪያ ግን የወባ አገር ነው። ማስታወቂያው ውስጥ ስለ ወባ አንዲት ቃል የለችም። የእህቴ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ነጠላ ተከናንባ ስታጨበጭብ አደረች።

በማግስቱ ከአሰንዳቦ ጥቂት አለፍ እንዳልን ሰፊ ውሃ ታየ። ፀጥ ያለ፣ ዳርዳሩ ሣር፣ ከብት ይግጣል። አስጎብኚው ሞተሩን አቁሞ እጁን ዘረጋ። «ይኸው ጊቤ!»

ሁላችንም ዝም አልን። ገደሉ የታለ? ድልድዩስ? የእህቴ ልጅ ስልኳን አውጥታ ማስታወቂያውን አሳየችው።

«ይሄማ ግልገል ጊቤ ነው» አልኩት።

«ታዲያ ጊቤ አይደለም እንዴ?»

ጨዋታው ይኸው ነው። ፎቶው ላይ ያለው ትልቁ ጊቤ ነው፤ ከሶኮሩ ወዲያ አውራ ጎዳናው ወደ ወልቂጤ ሲወርድ የሚሻገረው። ከጅማ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። እኛ የደረስንበት ገባሩ ነው፤ በ2004 እ.ኤ.አ. 184 ሜጋ ዋት ማመንጨት የጀመረው የመጀመሪያው ግልገል ጊቤ ግድብ የያዘው ውሃ። የተሸጠልን እናትየው፣ የተረከብነው ግልገሏን። ውሃው ራሱ ወደ ትልቁ ሸለቆ የሚሄደው ለሁለተኛው የኃይል ማመንጫ ጣቢያ ተብሎ በተራራ ሥር በተቆፈረ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ዋሻ ነው። እኛ በተለጠፈ ጎማ ምን በወጣን!

ቦታው መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ለምሳ ይዞ ሄዶ ለመቀመጥ ያምራል። 7,200 ብር ግን አያወጣም።

በኋላ ሳስበው፣ ባይዋሹን ኖሮ ይብስ ነበር። ትልቁ ጊቤ ሸለቆ ሲወርዱት ረጅም ቁልቁለት ነው። ድልድዩ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,100 ሜትር ላይ ነው። ጅማ ከዚያ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ ወልቂጤም እንደዚያው። ብረት ከብረት በሚፋጭ ፍሬን፣ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ፣ ከኋላ ተሳቢ እየመጣ መውረድን አስቡት። ከወረዱ በኋላ ደግሞ ሙቀቱ አለ፣ ከዚያ በዚያው ልክ መውጣት አለ። «አብዛኛው ቁልቁለት» ያለ ሰው ከሸለቆው ማን እንደሚያወጣችሁ ጠይቁት።

እዚያው ወሰንን። ብስክሌቶቹን ለአስጎብኚው አስረክበን በሚኒባስ ጅማ ተመለስን። መኪናው አልመጣም። ምናልባት አሁንም ሰልፍ ላይ ይሆናል።

የገንዘቡን ነገር ላሳጥረው። ሰውዬው «ቀብድ አይመለስም፣ ያቋረጣችሁት እናንተ ናችሁ» አለ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ አፉን ይዘጋል፤ እኛም ልንዘጋ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 ግን ስለ ቀብድ ሁለት ነገር ነው የሚለው። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል። ቀብድ የተቀበለው ከተወ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ሻጮች የመጀመሪያውን ብቻ ነው የሚጠቅሱት። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁም፣ ቁጥር 813/2006፣ ስለሚገዛው ነገር በቂና ትክክለኛ መረጃ ማግኘት የሸማቹ መብት ነው ይላል። መኪና አለ ብሎ መኪና ካላመጣ፣ የአንዱን ወንዝ ፎቶ አሳይቶ ሌላ ወንዝ ከወሰደን፣ ያቋረጠው ማን ነው? ይህን ስነግረው ድምፁ ቀነሰ። ማስታወቂያውንም ወዲያው አጠፋው። ደግነቱ የእህቴ ልጅ ቀድማ ስክሪንሾት አንስታ ነበር። እሱን ስትልክለት 4,000 ብር መጣ። ከዚያ በኋላ ስልክ አያነሳም። አቤት እንዳንል በእጃችን ያለው ለግለሰብ ገንዘብ መላካችንን የሚያሳይ የቴሌብር መልእክት ብቻ ነው፤ ውል የለ፣ ደረሰኝ የለ።

እንግዲህ ልትከፍሉ ከሆነ፣ የትኛው ጊቤ እንደሆነ፣ የት ከተማ እንደምታድሩ፣ በየቀኑ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ በጽሑፍ ያስቀምጥላችሁ። ብስክሌቱን ከአንድ ቀን በፊት ሄዳችሁ ንዱት። ፎቶውን ሳይሆን ራሱን። ዳገት ላይ ማርሽ ቀይሩ፣ ቁልቁለት ላይ ሁለቱንም ፍሬን ያዙ። መኪናው ካልቆመ አትነሱ፤ ሰልፍ ላይ ነው ከተባለ እናንተም ቡና ጠጡና ጠብቁ። ቀሪው ሂሳብ ጉዞው ሲያልቅ ይሁን። እሺ ካላለ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው። ማስታወቂያውን ስክሪንሾት አንሱ። የመግቢያ ክፍያና ጥገና የማን እንደሆነም አንድ ጊዜ ጠይቁ፤ እነዚህ ትንንሾቹ ተደምረው እኛን በየሰው ወደ 600 ብር አስወጥተውናል።

ከሰኔ እስከ መስከረም የሚሸጥላችሁ ካለ ጭራሽ አትስሙት። የጅማ ዝናብ ይታወቃል፤ ከአስፋልት የወጣ መንገድ ጭቃ ነው።

ብስክሌት መንዳት ለምትወዱ ግን እዚሁ ሞልቷል፣ ያለ ማንም ፓኬጅ። ባለፈው እሑድ እኔና የሥራ ባልደረባዬ ከሰፈር ልጅ ደህና ብስክሌት ተከራይተን ጠዋት ጂሬን ወጣን፣ ስንመለስ በቦዬ ረግረግ በኩል ዞርን። ግማሽ ቀን፣ ሙሉ ደስታ። ጉልበት ያለው የአጋሮን መንገድ ይያዝ፤ ወደ 45 ኪሎ ሜትር ነው፣ ግራና ቀኙ ቡና። ከአጋሮ ወዲያ ጮጬ አለ፤ የአገሩ ሰው ቡና የተገኘበት ነው የሚለው መንደር። ጎማ የሚባለው የድሮ መንግሥት ምድርም ይኸው ነው፤ እኛ በ7,200 ብር ያላየነው።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ የእህቴ ልጅ አንድ ነገር ላከችልኝ። ማስታወቂያው እንደገና ወጥቷል፣ ለፋሲካ። ገደሉም ድልድዩም ያው ናቸው። ዋጋው 7,900 ሆኗል።