ስምንት ወር በጨርቅ ዳይፐር፦ የድሬ ፀሐይ አግዞናል፣ ውሃው ግን…

ድሬ ላይ ሆናችሁ የጨርቅ ዳይፐር ልግዛ አልግዛ እያላችሁ ከሆነ፣ ዳይፐሩን ከማየታችሁ በፊት ቧንቧችሁን እዩት። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ሮቶ አላችሁ? የሚያጥበውስ ማን ነው? ለነዚህ መልስ ካላችሁ ጨርቁ ያዋጣችኋል። ከሌላችሁ የቱንም ያህል የሚያምር ዳይፐር ብትገዙ ወር ሳይሞላው ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀራል።

እኛ ሳቢያን አካባቢ ተከራይተን ነው የምንኖረው። ግቢው የጋራ ነው። ቧንቧው አንድ፣ የልብስ ማስጫ ገመዱም አንድ። ልጃችን ስምንተኛ ወሯን ይዛለች፣ አጣቢው ደግሞ እኔ ነኝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለአባት የሚሰጠው ፈቃድ 3 ተከታታይ ቀን ነው። ቀኑ አልቆ ሥራ ብገባም እጥበቱ እኔው ላይ ጸና። መጀመሪያ ሰሞን ጎረቤቶቼ ጨርቅ ሳሰጣ ሲያዩኝ «አቦ፣ አራሱ አንተ ነህ እንዴ?» እያሉ ተዝናኑብኝ። አሁን ለምደውታል።

የያዝነው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከዚራ ካለ የሕፃናት ዕቃ መደብር የገዛናቸው 12 ባለኪስ ዳይፐሮች ናቸው። የውጪው ጨርቅ ሽንት እንዳያሳልፍ በስስ ላስቲክ ተለብጧል። ጎንና ጎኑ ላይ ጠቅ የሚሉ የፕላስቲክ ቁልፎች አሉት። ኪሱ ውስጥ መምጠጫ ፎጣ ይገባል። እሽጉ ላይ ከ3 እስከ 15 ኪሎ ይላል።

ሁለተኛው የአማቴ ሐሳብ ነው። ታይዋን ገበያ ሄደን 9 ሜትር አቡጀዲ ገዛን። ልብስ ሰፊው በ70 ሳንቲ ሜትር ካሬ እየቆረጠ ጠርዙን ሲዘመዝመው 24 ጨርቅ ወጣው። ላዩ ላይ የሚለበስ አራት የላስቲክ ፓንትም ጨመርን። አማቴ በዚያ ላይ ከሣጥናቸው አንድ አሮጌ አንሶላ አወጡ። የድሬዳዋ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ በደህና ቀኑ ያወጣው አንሶላ ነው። ታጥቦ ታጥቦ ሳስቷል፣ ልስልስ ብሏል። እሱም ተቀዶ ስድስት ጨርቅ ሆነ።

ከሁሉም አንደኛ የወጣው ያ አንሶላ ነው። አዲስ አቡጀዲ ከሱቅ ሲወጣ ሙጫ አለበት፣ ውሃ ቢያፈሱበት ያንሸራትታል እንጂ አይጠጣም። ብዙ ጊዜ ታጥቦ ነው ሽንት መያዝ የሚጀምረው። ስለዚህ ልጁ ከመወለዱ በፊት ቢያንስ አራት አምስት ጊዜ እጠቡት። አሮጌ አንሶላ ግን ያንን ሁሉ ጨርሶ ነው የሚመጣው፣ ዋጋውም ነፃ ነው።

ልጃችን ስትወለድ ሦስት ኪሎ ሊሞላት ትንሽ ነበር የቀራት። ባለኪሱን በትንሹ ቁልፍ አጥብበን አለበስናት። ጭኗ ቀጭን ስለሆነ ዙሪያው ክፍት ሆኖ ቀረ። ካካዋ በዚያ በኩል ወጥቶ እስከ ጀርባዋ ደረሰ። እትብቷም ገና አልወደቀም ነበር፣ የዳይፐሩ ወገብ ደግሞ እሱ ላይ ያርፋል። እትብት ደርቆ እስኪወድቅ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ስለሚፈጅ፣ እስከዚያ አየር ማግኘትና ከሽንት መራቅ አለበት። አቡጀዲው ይሄ ችግር የለበትም። በሦስት ማዕዘን ታጥፎ የፊቱ ጫፍ ከእትብቱ በታች ይመለሳል፣ በመርፌ ቁልፍ ይያዛል፣ አለቀ። እሽጉ ላይ «ከ3 ኪሎ» የሚለው እኛ ላይ አልሠራም። ባለኪሱ ልክ የሆናት ወደ አምስት ኪሎ ስትጠጋ ነው። ያኔ ደግሞ ሁለተኛ ወሯ አልፏል። ለአራስ ብላችሁ ባለኪስ አትግዙ፣ ይቆያችሁ።

ጨርቁ አንድ ሌላ ነገር ያሳያል። ሕፃን ከአምስተኛው ቀን በኋላ በቀን ስድስትና ከዚያ በላይ ጨርቅ ካረጠበ ጡት በደንብ እያገኘ ነው ይባላል። የሚጣለው ዳይፐር ሽንቱን ውጦ ደረቅ ስለሚመስል ለመቁጠር ያስቸግራል። በጨርቅ ግን እያንዳንዷ ትታወቃለች። ባለቤቴ «ወተቴ አነሰ መሰለኝ» ብላ በተጨነቀች ሰሞን ያረጋጋት ባልዲው ውስጥ ያለው ክምር ነው።

አሁን ወደ ውሃው። የድሬ ሰው ውሃችን ምን እንደሚመስል ያውቀዋል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፣ የሻወሩን ቀዳዳ ይደፍናል። ዙሪያችን ያለው የኖራ ድንጋይ ነው፣ ሲሚንቶ ፋብሪካዎቹም እዚህ የተተከሉት እሱን ብለው ነው። የከርሰ ምድር ውሃው ካልሲየሙን ከዚያው ይዞ ይመጣል። የልብስ ሳሙና ደግሞ ካልሲየም ሲያገኝ አረፋ መሆኑ ይቀርና ግራጫ ቆሻሻ ሆኖ ጨርቁ ላይ ይለጠፋል። ጨርቁ በዓይን ንጹሕ ነው፣ ግን አይመጥም። ልጅቷ ሸንታ ከጎን ሲፈስ «ዳይፐሩ አረጀ» ይባላል። አላረጀም፣ ሳሙና ነው የጠጣው።

መፈተኛው ቀላል ነው። የደረቀውን ጨርቅ ዘርጉትና አንድ ጠብታ ውሃ ጣሉበት። ወዲያው ከሰመጠ ደህና ነው። ጠብታው ላዩ ላይ ቁጭ ካለ ሳሙና አለበት ወይም ቫዝሊን። ቫዝሊን ለቂጧ ጥሩ ቢሆንም ጨርቁን ይደፍነዋል። በተቀባች ቁጥር ከሥር ስስ ቁራጭ ጨርቅ አድርጉ።

እኛ የባር ሳሙናውን ትተን በዱቄት ሳሙና ማጠብ ጀመርን። ዱቄቱ እንዲህ ካልሲየም በበዛበት «ከባድ» ውሃ የተሻለ ይሠራል። በጥቂቱ ነው ታዲያ፣ ብዙ አረፋ ማለት ብዙ የማለቅለቂያ ውሃ ማለት ነው። አቡጀዲው ሲደነድን ደግሞ ጥቂት አቼቶ በብዙ ውሃ አቅጥነን ዘፈዘፍነው፣ ከዚያ አለቀለቅነው፣ ለሰለሰ። ባለኪሱን ግን በአቼቶ አትዘፍዝፉ፣ ላስቲኩን ይጎዳዋል። አቼቶና በረኪና ደግሞ አንድ ሳፋ ውስጥ በፍጹም አይገናኙ፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ጨርቅ የሚያለሰልሰው ሽታ ያለው ፈሳሽም ይቅርባችሁ፣ እሱም መምጠጡን ይቀንሳል።

የጎረቤት እናት እንዶድ ይሻላል ብለውኝ ነበር። እንዶድ ልብስ በደንብ ያጥባል፣ የታወቀ ነው። ግን ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 (እ.ኤ.አ.) አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩት በዚሁ ተክል ነው። ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር የአራስ ቂጥ ላይ ላድርግ አልደፈርኩም።

አጣጠቤ ይህን ይመስላል። የረጠበው ጨርቅ ክዳን ያለው ባልዲ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ያለ ውሃ። ካካ ያለበት መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይለቀለቃል። ሙቅ ውሃ ከቀደመ እድፉ ጨርቁ ላይ ይቀራል። ማታ በዱቄት ሳሙና ይዘፈዘፋል። ጠዋት ታሽቶ በሙቅ ይታጠባል፣ ሁለት ጊዜ ይለቀለቃል። አንድ እጥበት ሁለት ጀሪካን፣ አርባ ሊትር ገደማ ይወስዳል። የመጨረሻው ማለቅለቂያ አይደፋም፣ ሽንት ቤት ይገባል። እንዲያም ሆኖ የውሃ ቢል በመጣ ቁጥር አከራያችን ቀና ብለው ገመዱን ያያሉ። ምንም አይሉም፣ ያያሉ ብቻ።

ውሃ ሳይመጣ ሦስተኛ ቀን ሲያልፍ ነገሩ ይበላሻል። ባልዲው በድሬ ሙቀት አሞኒያ አሞኒያ ይሸታል፣ ክዳኑን ስትከፍቱት ዓይን ያቃጥላል። በእንደዚህ ያለ ሳምንት የሚጣለውን ዳይፐር እንገዛለን። ግትር መሆን አያስፈልግም።

ፀሐዩስ? ፀሐዩ እንኳን ለጠላት አይመኙትም ይባላል እንጂ ለጨርቅ ዳይፐር የተፈጠረ ነው። አንድ ሰዓት ላይ የተሰጣ አቡጀዲ ሦስት ሰዓት ላይ እንደ ቋንጣ ደርቋል። አሸት አሸት አድርጎ ማለስለስ ነው። የጡት ልጅ ካካ የሚተወው ቢጫ እድፍ በረኪና አይፈልግም። እርጥቡን ጨርቅ ፀሐይ ላይ ማድረግ ነው፣ ይጠፋል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ አቧራ ይዞ ሳይነሣ መሰብሰብ እንዳትረሱ ብቻ። ባለኪሱን ግን ጥላ ውስጥ አድርቁት። ፀሐይ የጭኑን ላስቲክ ያላላዋል፣ ልባጩን ያስነጥቀዋል። መቀቀልም ለጥጥ ጨርቅ ብቻ ነው።

የባለቤቴ እህት ሐረር ሆና ይህንኑ ሞክራ ተማርራለች። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ሐረር ከ1,800 በላይ። ክረምት ላይ ወፍራሙ መምጠጫ እስከ ማግስቱ አይደርቅላትም። ውሃውማ የኛው ነው፣ ከድሬ ጃራ በኩል ተገፍቶ ነው ሐረር የሚወጣው። እሷ አቡጀዲ ብቻ ይዛ ቀጥላለች። ስስ ስለሆነ ቤት ውስጥም ይደርቃል።

ሙቀቱ ለልጅቷ ሌላ ታሪክ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ 35 ዲግሪ ሲያልፍ ላስቲክ ያለበት ሁሉ ጠላት ነው። ባለኪሱንም ሆነ የላስቲክ ፓንቱን አድርጋ ከተኛች ስትነሣ ወገቧ ዙሪያ ሽፍታ አለ። ስለዚህ ቀትር ላይ፣ ከተማው በሙሉ በሚተኛበት ሰዓት፣ አቡጀዲ ብቻ ታስራ ትተኛለች። ፍራሹን ከታች ላስቲክ አንጥፈንበታል። ብትሸና ትሸናለች፣ ይቀየራል። አንድ ጊዜ ግን ሽፍታው በብሽሽቷ ውስጥ ደማቅ ቀይ ሆኖ ዙሪያው ነጠብጣብ አወጣ። ጤና ጣቢያ ስንወስዳት ፈንገስ ነው ብለው ቅባት ሰጡን። እንዲህ ያለው በቫዝሊን አይድንም፣ ቤት ውስጥ አታቆዩት።

የባለኪሱ መምጠጫ ማይክሮፋይበር የሚባል ሰው ሠራሽ ጨርቅ ነው። ብዙ ይይዛል፣ ግን ገላ ላይ በቀጥታ መነካት የለበትም፣ ቆዳን ያደርቃል። ሌሊት ሁለት ብንደርብም እኩለ ሌሊት ሳይደርስ ያፈሳል። ከዚህ በኋላ ሌሊቱን ለሚጣለው ዳይፐር ሰጠነው፣ እንቅልፍም ዋጋ አለው። ወደ ሐረር በሚኒባስ ስንሄድም እንደዚሁ።

ባለቤቴ ከወሊድ በኋላ ያላት 90 ቀን አልቆ ሥራ ስትመለስ ቀን ቀን ልጅቷን የሚይዙልን አማቴ ሆኑ። ባለኪሱን ገና ከመጀመሪያው ጠሉት። ቁልፉ ለጣታቸው ከባድ ነው፣ በዚያ ላይ የትኛው ከየትኛው እንደሚገጥም ይጠፋቸዋል። «ልጄ፣ እኛ አራት ልጅ ያሳደግነው በቁልፍ ነው እንዴ?» አሉኝ። በሚታሰረው አቡጀዲ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ይቀይሯታል። ስትገዙ የሚቀይረው ሰው እጅ ላይ ሞክሩት።

ምግብ ስትጀምር ነገሩ ተቀየረ። የጡት ካካ በውሃ ይሟሟል፣ ሽታውም ቀላል ነው። የገንፎና የድንች ካካ ግን ሽንት ቤት ተራግፎ፣ ካስፈለገም በማንኪያ ተፍቆ ነው ወደ ሳፋ የሚገባው። ደስ የሚል ሥራ አይደለም። ለዚሁ ብቻ የተለየች ማንኪያ አለች፣ ቀይ ክር አስሬባታለሁ።

ገንዘቡን በተመለከተ የብር መጠን አልጽፍም፣ ይህን እስክታነቡት ይለወጣል። ብር ሐምሌ 2016 ላይ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ዳይፐር የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። አራስ በቀን 10 ጊዜ ቢቀየር በወር 300 ነው። ሰፈራችሁ ሱቅ የአንዱን ዋጋ ጠይቁና አባዙት። እኛ የገዛነው አንድ ባለኪስ የአንድ መካከለኛ እሽግ ያህል ወጣበት። አቡጀዲው ከነስፌቱ ከሦስት ባለኪስ አይበልጥም ነበር። ውሃ፣ ዱቄት ሳሙናና ከሰል ስትጨምሩም ጨርቁ ያተርፋል። የኔ ጉልበት ግን እዚህ ውስጥ አልገባም።

ዛሬ ላይ አቡጀዲው በሙሉ አለ። አንሶላው ከስድስቱ አንዱ ተቀዶ የወጥ ቤት መጥረጊያ ሆኗል። የላስቲክ ፓንቶቹ ሁለቱ ተሰነጣጥቀዋል። ከ12 ባለኪስ አብዛኞቹ ይሠራሉ፣ የአንዳንዱ የጭን ላስቲክ ግን ላልቷል። የሁለቱ ቁልፍ ተነቅሎ አሁን ልብስ ሰፊው ጋር ናቸው። ቁልፉን ትቶ ማሰሪያ እንዲሰፋላቸው ነው የነገርኩት። አማቴ እንደሰሙ «ሁሉንም ውሰዳቸው እንጂ» ብለውኛል።