ካርዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት፦ በፖስታ የሚመጣው የአንጀት ባክቴሪያ ምርመራ አይቢኤስን አይለይም

ይህን የምጽፈው በተለይ አሜሪካ ላላችሁ ወገኖቼ ነው። ሆዱን የሚነፋው፣ አንድ ሰሞን ድርቀት ሌላ ሰሞን ተቅማጥ የሚመላለስበት ሰው በየቤቱ አለ። አይቢኤስ የሚባለው ሆድ እያመመ እንዲህ የሚመላለስ የቆየ የአንጀት ሕመም ነው። የሐኪም ቀጠሮው ይርቃል። ስለ ሰገራ ማውራቱም ያሳፍራል። ስልክ ሲከፈት ደግሞ ማስታወቂያው ይጠብቃል። «ከቤትዎ ሳይወጡ አይቢኤስ ይኑርብዎ አይኑርብዎ ይወቁ፤ የአንጀትዎ ባክቴሪያዎች ይናገራሉ» ይላል። ሰሞኑን ይኸው ማስታወቂያ በአማርኛ ተዘጋጅቶ በቴሌግራም ግሩፖች ሲዞር አይቻለሁ። እባካችሁ አትግዙ።

ታላቅ እህቴ ገዝታለች። ኪቱ ከ200 ዶላር በላይ ነው። ሳጥኑ ውስጥ የጥጥ ዘንግ፣ ፈሳሽ ያለበት ትንሽ ብልቃጥ፣ ባርኮድና መመለሻ ፖስታ አለ። ከሶፍቱ ላይ በዘንጉ ነካ አድርጎ፣ ብልቃጡ ውስጥ አማስሎ መላክ ነው። ሳምንታት አልፈው ውጤቱ በኢሜይል መጣ። «እስቲ አንተም እየው» ብላ ስልኳን ሰጠችኝ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ትልቅ ቀይ ክብ አለ፤ መሃሉ ላይ 41 ከ100 ይላል። ከሥሩ የባክቴሪያ ሚዛኗ እንደተዛባና ከአይቢኤስ ጋር የሚሄድ ነገር እንደታየ ተጽፏል። ደነገጠች። ቀጥለው ያሉት ገጾች በላቲን የባክቴሪያ ስሞች የተሞሉ ናቸው፤ አጠገባቸው ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም አለ። እስከ መጨረሻው ወረድኩ። ግርጌው ላይ፣ ዓይን በሚያደክም ደቃቅ ግራጫ ፊደል፣ ይህ ምርት ማንኛውንም በሽታ ለመመርመርም ሆነ ለማከም የታሰበ አይደለም ይላል። ፊተኛው ገጽ የተናገረውን የኋለኛው ገጽ ክዶታል። ማስታወቂያው ላይ ግን ይህ ዓረፍተ ነገር የለም።

በዚህ አላበቃም። ሪፖርቱ ላይ አንድ ቁልፍ አለ። ሲነኩት «ለእርስዎ ባክቴሪያ ብቻ የተዘጋጀ» የተባለ ፕሮባዮቲክ፣ ማለትም ጠቃሚ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ያሉበት ካፕሱል ይመጣል። የመጀመሪያው ወር በግማሽ ዋጋ ነው። ከዚያ በየወሩ ወደ 80 ዶላር ከካርዷ ይቆረጥ ጀመር። ለማቋረጥ የሚደወልበት ስልክ የለም፤ ያለው ቻት ብቻ ነው። ቻቱ ላይ ያለው ሰው ደግሞ አሁን ካቆሙ ባክቴሪያዎቹ ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ እያለ ያስፈራራል። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የአይቢኤስ መመሪያ ለዚህ ሕመም ፕሮባዮቲክ እንዲሰጥ አልመከረም። እህቴ በየወሩ የምትከፍለው ለዚያው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ባክቴሪያዎቹ እውነት ናቸው። እስራኤል ያለው የዋይዝማን ተቋም ተመራማሪዎች በ2016 ባሰሉት መሠረት በአንድ ሰው ሰውነት ውስጥ ወደ 38 ትሪሊዮን ባክቴሪያዎች አሉ፤ አብዛኞቹ ትልቁ አንጀት ውስጥ ናቸው። ከአይቢኤስ ጋር ግንኙነት እንዳላቸውም ይታወቃል። በ2000 ካናዳ ውስጥ ዎከርተን የምትባል ትንሽ ከተማ የመጠጥ ውኃ በኢኮላይና በካምፒሎባክተር ተበከለ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ታመሙ። ተቅማጡ ካለፈ ከዓመታት በኋላ ታመው የነበሩት ላይ አይቢኤስ ካልታመሙት ወደ ሦስት እጥፍ ገደማ በልጦ ታየ። አገር ቤት ክፉ ተቅማጥ ይዞት ከዚያ ወዲህ «ሆዴ እንደ ድሮው አልሆነም» የሚል ሰው ካወቃችሁ፣ የሚናገረው ነገር ሐኪሞች የሚያውቁት ነገር ነው።

ግን ግንኙነት አለው ማለትና በእሱ በሽታውን መለየት ይቻላል ማለት ለየቅል ናቸው። ተመራማሪዎች ብዙ የአይቢኤስ ሕመምተኞችን ከብዙ ጤነኞች ጋር ሲያወዳድሩ በአማካይ ልዩነት ያገኛሉ። አንዱ ጥናት ያገኘውን ግን ሌላው አያገኘውም። አንድን ሰው ለብቻው ወስዶ «ይህ የአይቢኤስ ባክቴሪያ ነው» የሚያሰኝ የታወቀ ምልክት እስከ ዛሬ የለም። የባክቴሪያው ስብጥር በበላችሁት፣ በወሰዳችሁት አንቲባዮቲክ፣ ሰገራው ቀጥኖ ወይም ደርቆ በመውጣቱ ሁሉ ይለዋወጣል። ድርቀት ባለበት ሳምንት የተላከና ተቅማጥ ባለበት ሳምንት የተላከ ናሙና አንድ አይሆንም። አይቢኤስ ያለበት ሰው ደግሞ ችግሩ ይኸው መለዋወጥ ነው።

ሌላም አለ። ኩባንያዎቹ ናሙናውን የሚያነቡበት መንገድ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ የባክቴሪያዎቹን አንድ ጂን ብቻ ያነባል፤ ሌላው ያገኘውን ዲኤንኤ በሙሉ። ጤናማ የሚሉትን መጠንም እያንዳንዱ ከራሱ መዝገብ ነው የሚያወጣው። 41 የሚለው ቁጥር የትም ቦታ ያለ የጋራ መለኪያ አይደለም። በ2024 የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ምሁራን ያሉበት ቡድን ይህ ገበያ ቁጥጥር እንደሚያስፈልገው በሳይንስ መጽሔት ላይ ጽፏል። «ላቦራቶሪያችን ሲኤልአይኤ አለው» ሲሏችሁም አትረጋጉ። ያ የምስክር ወረቀት ላቦራቶሪው ሥራውን በሥርዓት ይሠራል ይላል እንጂ ምርመራው ለበሽታው ይጠቅማል አይልም።

ሰዎች የሚያደባልቁትን አንድ ነገር እዚህ ላይ ልለይ። እኛ «የጨጓራ ባክቴሪያ» የምንለው ኤች ፓይሎሪ ሌላ ነው። እሱ አንድ የታወቀ ባክቴሪያ ነው፤ በሰገራ ወይም በትንፋሽ ምርመራ በደንብ ይለያል፤ መድኃኒትም አለው። ለአንጀት ካንሰር ቅድመ ምርመራ ሐኪም የሚያዘውና በፖስታ የሚመለሰው የሰገራ ምርመራም ሌላ ነው። ዕድሜያችሁ 45 ከሞላ ያንን አድርጉት። ይህ ጽሑፍ እነዚህን አይመለከትም።

ነገሩ የት ድረስ ሊሄድ እንደሚችል ለማወቅ ዩባዮም የተባለውን የዚሁ ምርመራ ኩባንያ ታሪክ ተመልከቱ። ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በ2012 ተመሠረተ። መጀመሪያ በ89 ዶላር የአንጀት ባክቴሪያችሁን ልንገራችሁ ይል ነበር። በኋላ በሐኪም የሚታዘዝ የተባለ ምርመራ አመጣና ኢንሹራንሶችን ማስከፈል ጀመረ። በሚያዝያ 2019 ኤፍቢአይ ቢሮውን ፈተሸ። በዚያው ዓመት ኪሳራ አወጀ። በመጋቢት 2021 የፌዴራል ዓቃቤ ሕግ ሁለቱን መሥራቾች በማጭበርበር ከሰሰ። በክሱ መሠረት ኩባንያው ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፈለው ጠይቆ ከ35 ሚሊዮን በላይ ተቀብሏል። ድሮ የተላከን ናሙና እንደገና አንብቦ እንደ አዲስ ምርመራ ማስከፈልም በክሱ ውስጥ አለ። ያኔ የባለሀብቱም የጋዜጣውም ሙገሳ አልጎደለውም። ድረ ገጹ ማማሩና ነጭ ጋውን የለበሱ ሰዎች ፎቶ መኖሩ ለእኔ ማስረጃ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ታዲያ አይቢኤስ እንዴት ይታወቃል? በአብዛኛው በጥያቄ ነው። ሐኪሞች ሮም አራት የሚሉት መለኪያ አለ፤ በ2016 የወጣ ነው። ባለፉት ሦስት ወራት በአማካይ በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን ሆድ ያማል ወይ? ሕመሙ ከመጸዳዳት ጋር ይያያዛል? የመጸዳዳቱ ብዛት ተቀየረ? የሰገራው መልክ ተቀየረ? የሆድ ሕመሙ ኖሮ ከተከታዮቹ ሦስት ጥያቄዎች ሁለቱ ካሉና ነገሩ ከጀመረ ስድስት ወር ካለፈው አይቢኤስ ሊባል ይችላል። ከዚህ ጋር ሐኪሙ ሌላ በሽታ አለመሆኑን ለማረጋገጥ ጥቂት ምርመራዎች ያዛል። የደም ማነስ አለ ወይ የሚለውን ያያል። ተቅማጥ ካለ ሴሊያክን (ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን አንጀትን የሚጎዳበትን በሽታ) በደም፣ የአንጀት መቆጣትን ካልፕሮቴክቲን በሚባል የሰገራ ምርመራ ይፈትሻል። እንደ ሰውየው ሁኔታ ጃርዲያንም ያያል። እነዚህ የታወቁ ምርመራዎች ናቸው፤ ኢንሹራንስም አብዛኛውን ጊዜ ይሸፍናቸዋል።

ኪቱ የሚያደርሰው ትልቁ ጉዳት ከገንዘቡ ይልቅ እዚህ ላይ ነው። የእህቴ ሪፖርት ስንዴ አቁሚ ይላል። ሴሊያክ ሳይመረመር ስንዴ ያቆመ ሰው የደም ምርመራው በሐሰት ንጹሕ ሊመጣ ይችላል። ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀቻት ይህንኑ ነበር፤ «ዳቦ እየበላሽ ነው ወይ?» አለቻት። እዚህ አገር ደግሞ እንጀራው ራሱ ብዙ ጊዜ ጤፍ ብቻ ስላልሆነ፣ ስንዴ ወይም ገብስ የተቀላቀለበት መሆኑን ለሐኪሙ ንገሩ። የሚገርመው፣ ሪፖርቱ ስለ ሽሮ፣ ስለ ምስር፣ ስለ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አንድም ቃል አልነበረውም። የአይቢኤስ ሆድ ብዙ ጊዜ የሚነፋው አንጀት ውስጥ በሚቦኩ እንደነዚህ ባሉ ምግቦች ነው። አውስትራሊያ የሚገኘው ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ያጠናው ሎው ፎድማፕ የሚባለው አመጋገብ የሚቀንሰው እነሱን ነው። ሁዳዴ ላይ ሆዱ የሚብስበት ሰው ብዙ ነው፤ ከምግብ ባለሙያ ጋር ተነጋግሮ የጾም ምግቡን ማስተካከል ይችላል። ለዘለቄታው ግን በራሳችሁ ሁሉን አታቋርጡ።

እነዚህ ካሉ ደግሞ ኪትም ጽሑፍም ሳትጠብቁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፦ ሰገራ ላይ ደም ወይም ጥቁር ሰገራ፣ ሳይፈልጉ መክሳት፣ የደም ማነስ፣ ትኩሳት፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ፣ በቤተሰብ የአንጀት ካንሰር መኖር፣ ወይም ከ45 ዓመት በኋላ በአዲስ የጀመረ የሆድ ለውጥ። እነዚህ ያሉበት ሰው «ባክቴሪያዬ ተዛብቷል» ተብሎ ካፕሱል እየዋጠ ወራት ማሳለፉን ሳስበው በእውነት እፈራለሁ።

ቀድማችሁ ለገዛችሁ ጥቂት ነገር ልጨምር። ማቋረጣችሁን በጽሑፍ፣ በኢሜይልም በቻትም አሳውቁ፤ ስክሪንሾት ያዙ። የከፈላችሁት በክሬዲት ካርድ ከሆነ፣ ክፍያው የታየበት የመጀመሪያ ቢል ከተላከላችሁ በ60 ቀን ውስጥ ለካርዱ ባንክ ዲስፒዩት አስገቡ፤ በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል። ያቋረጣችሁበትን ስክሪንሾትና «ለመመርመር የታሰበ አይደለም» የሚለውን ገጽ ከማስታወቂያው ጋር አያይዙ። በዴቢት ካርድ ወይም በቀጥታ ከባንክ ሂሳብ ከሆነ የሚቀጥለው ክፍያ ከመቆረጡ ቢያንስ ሦስት የሥራ ቀን ቀድማችሁ ባንኩን አስቁሙ። ለፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን ለኤፍቲሲና ለምትኖሩበት ስቴት ዓቃቤ ሕግ ቢሮም አመልክቱ፤ በኢንተርኔት ይሞላል፣ አያስከፍልም። ናሙናችሁና መረጃችሁ እንዲጠፋም በዚያው ኢሜይል ጠይቁ፤ እንዲህ ያሉ ኩባንያዎች ብዙ ጊዜ በሐኪም ቤቶች ላይ የሚሠራው፣ የሕመምተኛን መረጃ የሚጠብቀው የሂፓ ሕግ አይነካቸውም። ፎርሙ በእንግሊዝኛ ከከበዳችሁ ወይም ለወላጆቻችሁ የምትሞሉላቸው ከሆነ፣ የት ጋ እንደተቸገራችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ የእህቴን ስለሞላሁ መስመር በመስመር አሳያችኋለሁ።