«ዝግጁ የቤት ፕላን በግማሽ ዋጋ» የሚሏችሁን ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

በድሬዳዋና በሐረር ቦታ ይዛችሁ ቤት ለመሥራት የምታስቡ ሁሉ፣ በቴሌግራም እየዞረ ያለውን «ዝግጁ የቪላ ፕላን፣ በሦስት ቀን፣ ከነማህተሙ፣ በግማሽ ዋጋ» የሚል ማስታወቂያ አትመኑት። እህቴና ባለቤቷ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ላለው ቦታቸው ከዚህ ገዝተው ገንዘባቸውም ጊዜያቸውም ባክኗል። የሻጩን ስም አልጠራም። እሱ ነገ ስሙን ቢቀይር ዘዴው ያው ነውና፣ የሚጠቅማችሁ ዘዴውን ማወቅ ነው።

መጀመሪያ የሚያሳዩአችሁ ሥዕል ነው። ግራጫ ግድግዳ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ የደረሰ መስታወት፣ በር ላይ የቆመ ቀይ መኪና፣ ግራና ቀኝ ዘንባባ። በዚያ ሥዕል ውስጥ ጎረቤት የለም፣ የመብራት ምሰሶ የለም፣ የውኃ ታንከር የለም፣ ልብስ የሚሰጣበት ገመድ የለም። ባልና ሚስት ሥዕሉን አይተው ከተስማሙ በኋላ ፕላኑን ማን በደንብ ያየዋል? የሚከፈልበት ግን ፕላኑ ነው፤ ግድግዳ የሚቆመው በፕላኑ እንጂ በዘንባባው አይደለም።

የእህቴ ቦታ ወርዱ 12 ሜትር ነው። የተሸጠላት ቤትም ወርዱ 12 ሜትር ሆኖ ተገኘ፤ ማለትም ከአጥር እስከ አጥር፣ መተላለፊያ የሌለው። ይህን ስትነግረው ሻጩ «ችግር የለም፣ እናስተካክለዋለን» አላት፤ በማግስቱም የተስተካከለው መጣ። እውነትም ቤቱ 10.80 ሜትር ሆኗል። ማስመሪያ ይዘን ስንቀመጥ ግን አንድም ክፍል ከቦታው እንዳልተነቃነቀ አየን። ሰውየው ሙሉውን ሥዕል በኮምፒውተር ወደ ዘጠና ከመቶ አሳንሶታል፤ በቃ። 90 ሴንቲ ሜትር የነበረው በር 81 ሆኗል። 28 ሴንቲ ሜትር የነበረው የደረጃ መርገጫ 25 ሆኗል። 20 ሴንቲ ሜትር የነበረው የብሎኬት ግድግዳ 18 ሆኗል፤ ገበያ ላይ ያለው ብሎኬት ግን ባለ 10፣ ባለ 15 እና ባለ 20 ነው። አልጋው ሳይቀር አጥሯል፤ 1.90 ሜትር የነበረው 1.71 ሆኗል። የእህቴ ባል ቁመቱ ከዚያ ይበልጣል። ቤቱን ለሁለት ሰንጥቆ የሚያሳየው ወረቀት ደግሞ ጨርሶ አልተነካም፤ አንዱ ወረቀት ቤቱን 10.80 ሲል ሌላው 12 ይላል። ይህ ነው «ማስተካከል» የተባለው።

የክፍል ልክ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነውና። ፕላን ላይ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ ከግድግዳ መሃል እስከ ግድግዳ መሃል ያለው ርቀት ነው። ይህ የባለሙያ አሠራር ስለሆነ ማታለል አይባልም፤ ማታለል የሚሆነው «መኝታ ቤቱ 3.50 ነው» ብሎ ለማያውቅ ሰው ሲሸጥ ነው። ከ3.50 ላይ የብሎኬቱን 20 ሴንቲ ሜትርና በሁለቱም በኩል የሚለሰነውን 4 ሴንቲ ሜትር ቀንሱ፤ 3.26 ይቀራል። በእህቴ ፕላን ደግሞ 3.50 የነበረው ወደ 3.15 ስለተጨመቀ፣ በእውነተኛ ብሎኬት ሲሠራ ለመኖሪያ የሚተርፈው 2.91 ነው። በዚያው አቅጣጫ 2 ሜትር አልጋና 60 ሴንቲ ሜትር ቁም ሣጥን አስቀምጡ፤ በመካከላቸው 31 ሴንቲ ሜትር ይቀራል። የቁም ሣጥኑ በር እንኳ አይከፈትም። ስለዚህ ማንም ፕላን ሲያሳያችሁ «ልስን ካለቀ በኋላ ውስጡ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በየክፍሉ አጽፉ። ከተቻለ ቦታችሁ ላይ ሄዳችሁ ክፍሎቹን በገመድና በኖራ መሬት ላይ አስምሯቸው፣ ፍራሽ አንጥፉበት፣ ተንቀሳቀሱበት። ነጻ ነው፤ ከባለ ቀለሙ ሥዕልም ይልቅ እውነቱን ይነግራችኋል።

ሌላው ጉድ ፀሐይ ነው። በፕላኑ ጥግ ላይ ሰሜንን የሚያመለክት ቀስት አለ፤ በዚህ ሻጭ ወረቀቶች ሁሉ ላይ ቀስቱ ወደ ላይ ነው የሚያመለክተው፣ ቦታው የትም ይሁን የት። የእህቴ በር ወደ ምዕራብ ነው የሚከፈተው። ስለዚህ ያ ከወለል እስከ ጣሪያ የሆነው የሳሎን መስታወት ቀጥ ብሎ ወደ ምዕራብ ይመለከታል ማለት ነው። ድሬዳዋ ላይ! ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ላይ ናት፤ ከምድር ወገብም ብዙ አትርቅም። ፀሐይ በቀትር አናት ላይ ስለምትሆን ያን ጊዜ የሚመታው ጣሪያው ነው፤ ግድግዳውን የምታገኘው ጠዋት ከምሥራቅ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከምዕራብ ዝቅ ብላ ነው። የከሰዓቱ ይብሳል፤ አየሩ ቀድሞውኑ ግሏልና። እዚህ ቤት የሚሠራ ሰው ረዣዥሞቹን ግድግዳዎችና ትልልቆቹን መስኮቶች ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ያዞራል፤ ወደ ምዕራብ መጸዳጃ ቤቱን፣ ዕቃ ቤቱን፣ ወይም ጥልቅ በረንዳ ያደርጋል። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ በተቆረቆረው ከዚራ ሰፈር በእግራችሁ ብትዞሩ ይህ ሁሉ ሳይከፈልበት ይታያል፦ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ ሰፊ በረንዳ፣ ደጃፉን የሚያጠላ ዛፍ። በግንቦትና በሰኔ በዚያ የመስታወት ሳሎን ውስጥ የሚቀመጥ ሰው የሚከፍለው የመብራት ሒሳብ ከፕላኑ ዋጋ መብለጡ አይቀርም።

ይባስ ብሎ፣ ሐረር ያለው የአጎታችን ልጅ ወረቀቱን ሲያይ ሳቀ። ለካስ ለእሱ ጓደኛም ይኸው ቤት ተሸጧል፤ የተለወጠው የግድግዳው ቀለም ብቻ ነው። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ያለች፣ ማታ ሹራብ የሚለበስባት ከተማ ናት። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት የወጣ ሰው ሁሉ አየሩ መንገድ ላይ ሲለወጥ ያውቀዋል፤ የፕላን ሻጩ ግን አልወጣውም መሰለኝ። የሐረሪ ጥንታዊ ቤት ውስጥ ገብታችሁ ከሆነ፣ ከፍና ዝቅ ያሉት አምስቱ መደቦች ማን የት እንደሚቀመጥ አስቀድሞ ታስቦባቸው የተሠሩ ናቸው። ቤት ማለት እንዲህ ከሚኖርበት ሰው ተነሥቶ የሚታሰብ ነገር ነበር፤ እዚሁ፣ በዚሁ አገር።

የእህቴ ፕላን ግን ማን እንደሚኖርበት አልጠየቀም። እናታችን አብራቸው ነው የምትኖረው፤ ጉልበቷ ደረጃ አይወጣም። ምድር ቤቱ ላይ ያለው አንድ መኝታ ቤት መጸዳጃ የለውም፤ ፎቅ ላይ ግን ሦስት መጸዳጃ ቤት ተደርድሯል። ማዕድ ቤቱ ከሳሎኑ ጋር ያለ ግድግዳ የተያያዘ ነው። ሥዕሉ ላይ ያምራል፤ ለዶሮ ወጥ ሽንኩርት ማቁላላት ሲጀመር ግን እንግዳውም ሶፋውም አብረው ይቁላላሉ። የእንጀራ ምጣድ የሚቀመጥበት ቦታ ሻጩን ስንጠይቀው «ውጭ ሰርቪስ ትሠራላችሁ» አለን፤ ሰርቪሱ ግን በቦታው ላይ አልተሳለም፣ የሚተርፍ ቦታም የለም። ፍራሽ አንጥፎ ቤተሰብ የሚሰበሰብበት መጅሊስም አልታሰበም። የውኃ ታንከር የት እንደሚሰቀልና ክብደቱን የትኛው ምሰሶ እንደሚሸከመው አንድም መስመር የለም፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም።

የመሬቱ ከፍታና ዝቅታ ደግሞ ጨርሶ የለም። ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ በደረቁ አሸዋ ላይ በሰዓታት ውስጥ ምን እንደሚሆን በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ አሳይቶናል፤ ከ250 በላይ ሰዎች በአንድ ሌሊት አጥተናል። ወለሉ ከመንገዱ ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ የጓሮው ውኃ በየት እንደሚወጣ የማይናገር ፕላን በዚህ ከተማ መሸጥ አልነበረበትም። የመሠረቱም ነገር እንዲሁ ነው፦ አፈሩን ማንም ቆፍሮ ሳያይ የመሠረቱ ጥልቀትና የፌሮው ብዛት ተጽፎ ቀርቧል። አሸዋ ይሁን ጥቁር አፈር ይሁን ዐለት፣ ለሻጩ አንድ ነው።

«ከነማህተሙ» የሚለውም ወጥመድ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ግንባታን ከፈቃድ ጋር ያስተሳሰረው ፕላኑ እንዲመረመርና ኃላፊነቱን የሚወስድ ባለሙያ እንዲኖር ነው። እዚህ የተመታው ማህተም የአንድ ባለሙያ ነው፤ ባለሙያው ግን ቦታውን አላየም፣ እህቴም ፊቱን አታውቀውም። ማህተሙን ያከራያል ማለት ነው። ወረቀቱ ለፈቃድ ሲቀርብ መርማሪው ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ 10.80 እና 12 ሲያይ መለሰው፤ ጥሩ አደረገ። ሻጩ ያኔ «ፈቃድ ማስጨረስ የእኛ ሥራ አይደለም፤ ለውጥ ከፈለጋችሁ አዲስ ዲዛይን ነው» አለ። በማስታወቂያው ላይ «ማሻሻያ በነጻ» ይል የነበረው፣ ለካስ ቀለምና የበር ዓይነት መቀየርን ብቻ ነው። ግድግዳ ማንቀሳቀስ በሒሳብ ነው። ሥዕሉ የተሠራበትን የኮምፒውተር ፋይልም ከልክሏቸዋል፤ የሰጣቸው የታተመውን ወረቀት ብቻ ስለሆነ ሌላ ባለሙያ ሊያርመው አይችልም። ስለዚህ ከማንም ጋር ስትዋዋሉ ፋይሉ የእናንተ እንደሚሆን፣ ፈቃድ ሰጪው የሚያዘውን እርማት ማን በማን ወጪ እንደሚሠራ፣ ባለሙያው ቦታችሁን መጥቶ እንደሚያይ በጽሑፍ ይግባ። «ቦታውን ማየት አያስፈልግም፣ ካርታውን ላኩልኝ» የሚላችሁን ሰው እዚያው ላይ ተሰናበቱት። እህቴ አሁን የያዘችው አርክቴክት መጀመሪያ ያደረገው ከሰዓት በኋላ መጥቶ ቦታው ላይ መቆም ነው፤ ሁለተኛው እናታችንን ማነጋገር።

ገንዘቡስ ተመለሰ ወይ ለምትሉ፣ አልተመለሰም። ግማሹን ቅድሚያ፣ ግማሹን ፕላኑን ሲረከቡ ከፍለዋል፤ ሁለቱም የገባው በግለሰብ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ነው፣ ደረሰኝም አልተሰጣቸውም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና እውነተኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል፤ አቤቱታ ሲቀርብ ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው «ከማን ገዛህ? ማስረጃህ የታል?» ነው። በእጃቸው ያለው የባንክ ማስተላለፊያና የቴሌግራም ንግግሩ ነው፤ ሻጩ በራሱ በኩል ማጥፋት ከመጀመሩ በፊት ንግግሩን ፎቶ አንሥተው አስቀምጠውታል፣ አቤቱታውም በእሱ ገብቷል። ከዚሁ ሰው የገዛችሁ ካላችሁ፣ ግራጫውን ቤትና ቀዩን መኪና ታውቁታላችሁና፣ ንግግራችሁን ዛሬውኑ አስቀምጡ፤ ፕላናችሁም ላይ የብሎኬቱን ውፍረት በማስመሪያ ለኩ።