ክራክ ዊንዶውስ ወይስ ሊኑክስ ሚንት? አሮጌ ላፕቶፕ ላላችሁ

"ላፕቶፔ ዊንዶውስ 11 አልቀበልም አለኝ፤ ምን ይሻለኛል?" ሰሞኑን ይህን ያልጠየቀኝ ጓደኛ የለም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። 11 ደግሞ ከጥቂቶች በቀር ከ8ኛ ትውልድ በታች የሆነ የኢንቴል ፕሮሰሰር በይፋ አይቀበልም። እኔ ሚንት ጫኑ ነው የምለው፤ በዊንዶውስ ቦታ የሚጫን ነጻ ሲስተም ነው።

ለእህቴ ያገለገለ ላፕቶፕ ስገዛ ሻጩ "ዊንዶውሱ ኦሪጅናል ነው" ብሎኝ ነበር። ወር ሳይሞላው አክቲቬት አድርጉ የሚል ጽሑፍ ስክሪኑ ጥግ ላይ ወጣ። ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት፤ 500 ብር። አጠገቡ ቆሜ ሳይ መጀመሪያ ያጠፋው አንቲቫይረሱን ነው። ለካ ዊንዶውሱን ያለፈቃድ የሚያነቃው አክቲቬተር፣ ማለትም ክራኩ፣ እሱ እያለ አይሠራም! ብዙም ሳይቆይ ፍላሿ ላይ ያለው ፎልደር ሁሉ ሾርትከት ሆነ። የመመረቂያ ጽሑፏ እዚያ ነበር። ይህ የሾርትከት ቫይረስ ፋይሉን ይደብቀዋል እንጂ አያጠፋውም። ያጠፋው ሳይገለብጥ ፎርማት ያደረገው ሰውዬ ነው። ለሁለት ጊዜ ፎርማት 1,200 ብር ጨመርኩ። በድምሩ 1,700 ብር፣ "ነጻ" ለተባለ ዊንዶውስ። ሁለት ምዕራፍ እንደገና ስትጽፍ ያደረችባቸውን ሌሊቶች ሳልቆጥር ነው።

ሚንት የጠየቀኝ 3 ጊጋ የሚጠጋ ዳውንሎድና የተዋስኩት 8 ጊጋ ፍላሽ ብቻ ነው። ሳትጭኑት ከፍላሹ አስነስታችሁ ዋይፋዩና ድምፁ መሥራቱን ማየት ትችላላችሁ። ራሙ 4 ጊጋ ቢሆን ይመረጣል። የሾርትከት ቫይረሱ የተጻፈው ለዊንዶውስ ስለሆነ እዚህ አይነሳም። አማርኛ ለመጻፍ አይባስ የሚባለውን ትጭናላችሁ፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ድምፁን ስትመቱ ሰላም ብሎ ይጽፍላችኋል። በማይክሮሶፍት ኦፊስ ቦታ የምትጠቀሙት ሊብሬ ኦፊስ የዎርድ ፋይል ይከፍታል፤ ሰንጠረዥ የበዛበት ከሆነ ግን ቦታው ይዛባል። ለማተሚያ ቤት በፒዲኤፍ ላኩ።

በፒችትሪ ሒሳብ የምትሠሩ፣ አውቶካድ ወይም ፎቶሾፕ እንጀራችሁ የሆነ፣ ሚንት አይሆናችሁም። ዊንዶውስ 11 ሆም በማይክሮሶፍት ዋጋ 139 ዶላር ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ግን ላፕቶፑን ፈትሹ። ብዙዎቹ ሲመረቱ የተሰጣቸው ፈቃድ ቦርዱ ላይ ተቀምጧል፤ ያንኑ ዓይነት ዊንዶውስ በንጹህ ስትጭኑ ራሱ አክቲቬት ይሆናል። ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙም ሱቅ ቆማችሁ ሴቲንግ ውስጥ አክቲቬሽን የሚለውን ክፈቱ። "በድርጅታችሁ አገልግሎት አክቲቬት ሆኗል" የሚል ነገር በእንግሊዝኛ ካያችሁ፣ ክራክ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ያን ጊዜ የዊንዶውሱን ዋጋ አስቀንሱ።