ኡቡንቱን ከዊንዶውስ ጎን ለመጫን የቱ ይሻላል፦ ዲስኩን ለሁለት መክፈል፣ ሁለተኛ ዲስክ መግዛት ወይስ የዩኤስቢ ዲስክ?

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካበቃ ወዲህ፣ ኮምፒውተራቸው ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ቺፕ የማያሟላላቸው የቱሉ ዲምቱና የኮዬ ፈጬ ጎረቤቶቻችን ነባሩን ሳያጠፉ ኡቡንቱ የተባለውን ነፃ ሲስተም ጎን ለጎን ለመጫን ማሰባቸው አይገርምም። መንገዱ ሦስት ነው፤ ወጪውም ስጋቱም ግን ይለያያል።

ነባሩን ዲስክ ለሁለት መክፈል ገንዘብ አይጠይቅም። በእኛ ሰፈር ትልቁ ስጋት ግን መብራት ነው፤ የዊንዶውሱ ክፍል እየጠበበ ፋይሎች ቦታ በሚቀይሩበት ሰዓት መብራት ከጠፋ፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) በሌለው ዴስክቶፕ ላይ ያለው መረጃ ሊበላሽ ይችላል። ባትሪው ጤነኛ የሆነ ላፕቶፕ ላለው ሰው ግን፣ ፋይሎቹን አስቀድሞ ሌላ ቦታ ከገለበጠ፣ ይህ መንገድ የሚናቅ አይደለም። ቦታውን መቀነስ የሚገባው በራሱ በዊንዶውስ የዲስክ ማስተዳደሪያ ነው። እዚያም ሲ ድራይቭ 90 ጊጋባይት ባዶ ቦታ እያለው መቀነስ የሚቻለው 12 ብቻ ነው የሚል ቁጥር ቢወጣ መደናገጥ አያስፈልግም፤ ከቦታቸው የማይነሱ የሲስተም ፋይሎች መሃል ላይ ስለተቀመጡ ነው። ኡቡንቱ 24.04 ቢያንስ 25 ጊጋባይት ስለሚፈልግ ግን በ12 አይጫንም። ፋስት ስታርትአፕ (ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ ቶሎ እንዲነሳ የሚያደርገው አማራጭ) መጥፋት አለበት፤ ቢትሎከር (ዲስኩን በምስጢር የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ) ከበራም ባለ 48 አሃዙ ቁልፍ ወረቀት ላይ ሳይሰፍር ምንም አይጀመር።

ለዴስክቶፕ ባለቤት እኔ የምመርጠው ሁለተኛ ዲስክ መግዛትን ነው። 256 ጊጋባይት የሚይዝ የሳታ ኤስኤስዲ (በሳታ ገመድ የሚገናኝ ፈጣን ዲስክ) ከበቂ በላይ ነው፤ ከመግዛት በፊት ግን ክዳኑን ከፍቶ ማዘርቦርዱ ላይ ትርፍ የሳታ መሰኪያ፣ ከፓወር ሰፕላዩም ትርፍ ገመድ መኖሩን ማየት ይገባል፤ አለዚያ ለአንድ ገመድ ብሎ መርካቶ ድረስ ዳግመኛ መመለስ ይመጣል። ሲጫን የዊንዶውሱን ዲስክ ገመድ ነቅሎ ማቆየት ይበጃል፤ የኡቡንቱ መጫኛ ማስነሻ ፋይሎቹን ሳይጠይቅ በነባሩ ዲስክ ላይ ሊያስቀምጥ ይችላልና። ገመዱ ከተነቀለ መብራት በመሃል ቢጠፋ እንኳ ዊንዶውሱ አይነካም፤ የሚጠፋው የአዲሱ ዲስክ ሥራ ብቻ ስለሆነ እንደገና ይጀመራል።

በዩኤስቢ የሚሰካ ኤስኤስዲ የሚጠቅመው ክዳኑ የማይከፈት ወይም የሌላ ሰው የሆነ ላፕቶፕ ለሚጠቀም ነው። ገመዱ በእጅ ተነክቶ ቢላቀቅ ሲስተሙ ባለበት ይቆማል፤ በተራ ፍላሽ ላይ መጫን ደግሞ በዝግመቱ ያስመርራል። ለሙከራ ብቻ ከሆነ መግዛትም አያስፈልግም፤ የመጫኛው ፍላሽ ራሱ ኡቡንቱን ሳይጭኑ ያስሞክራል።

በየትኛውም መንገድ ከተጫነ በኋላ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ዊንዶውስ የቀኑን 11 ሰዓት ሊያሳይ ይችላል። ኡቡንቱ የማዘርቦርዱን ሰዓት በዓለም አቀፉ አቆጣጠር (ዩቲሲ፣ ከኢትዮጵያ 3 ሰዓት ወደኋላ የሚቀረው) ሲይዝ ዊንዶውስ ያንኑ እንደ አገር ሰዓት ስለሚያነበው የሚፈጠር የ3 ሰዓት ልዩነት ነው፤ ኡቡንቱ የአገሩን ሰዓት እንዲይዝ በማዘዝ ይስተካከላል።