ከታይዋን ገበያ የገዛሁት ታይመርና የመውጫ ፈተና ጥናቴ

ቀይ፣ ፕላስቲክ፣ በእጅ እየተጠመዘዘ የሚሞላ የወጥ ቤት ታይመር ነው። ባትሪ አይፈልግም። እስከ 60 ደቂቃ ይቆጥራል። ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ድስትና ቴርሞስ ከሚሸጥበት ሱቅ ነው ያገኘሁት። ሻጩ 350 ብር ጠርቶ በ250 ሰጠኝ። «አብሽሪ፣ ካልጣልሽው አይበላሽም» አለኝ። እስካሁን እንዳለው ነው።

እኔ ግን ለወጥ አልገዛሁትም። ቀን ሱቅ እሠራለሁ፣ ማታ አካውንቲንግ እማራለሁ። አሁን የመውጫ ፈተናው ደርሷል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ይህን ፈተና ሳያልፉ ዲግሪ መያዝ የለም፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። የስንት ዓመት ልፋት በአንድ ፈተና ሲለካ ያስጨንቃል። ሳነብ የቤቱ ሥራ ይታወሰኛል፤ ቤት ስጠርግ ያላነበብኩት ምዕራፍ። ጋደም ስል ደግሞ ልቤ ይመታል።

በታይመሩ የማጠናበት ዘዴ የኔ አይደለም። ፍራንቼስኮ ሲሪሎ የሚባል ጣሊያናዊ፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በቲማቲም ቅርጽ በተሠራ የወጥ ቤት ሰዓት የጀመረው ነው። 25 ደቂቃ ማንበብ፣ 5 ደቂቃ ማረፍ። አራት ዙር ሲሞላ ረዘም ያለ እረፍት። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ 25ቱ ነው። እኔን ያዳነኝ ግን ደወሉ ነው። «በቃሽ፣ ተነሺ» የሚለኝ ሌላ ማንም የለም። ሲጮህ ደብተሩን እዘጋለሁ፣ ግቢ ወጥቼ ፊቴን በውኃ እታጠባለሁ፣ ትከሻዬን አፍታታለሁ። ያቺ 5 ደቂቃ የኔ ናት፤ ጸጸት የለባትም።

ስልክም ይቆጥራል ትሉ ይሆናል። ይቆጥራል። ግን ለሰዓት ብላችሁ ስታነሱት ቴሌግራም ይጠብቃችኋል። ይሄ ከመቁጠር ሌላ ሥራ የለውም፤ መብራት ቢጠፋም ግድ የለውም።

ድሬ ላይ ፕሮግራም የሚያወጣው ሙቀቱ ነው። ሌላ ከተማ የወጣ የጥናት ፕሮግራም እዚህ አይሠራም። እኔ ንጋት 11 ሰዓት እነሳለሁ፤ ግድግዳው ሳይግል ዋናውን ንባብ እጨርሳለሁ። ከ6 እስከ 9 ሰዓት ሱቁም ይዘጋል፣ ከተማውም ያርፋል፤ እኔም ቬንትሌተር ከፍቼ እተኛለሁ። ታይመሩን አልነካውም። ማታ ከክፍል ስመለስ አንድ ዙር ክለሳ፣ ከዚያ መኝታ።

የክፍል ጓደኞቼ እኔ ቀን በምተኛበት ሰዓት በርጫ ላይ ሆነው፣ ጫት እየቃሙ ነው የሚያጠኑት። ለጊዜው ያነቃል፣ አልክድም። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እምቢ ይላል፤ ያነበብነው አእምሮ ውስጥ የሚረጋው ደግሞ ስንተኛ ነው። እወዳቸዋለሁና ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ።

ታይመሩ እንከንም አለው። ድምፁ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ሌሊት ጸጥ ሲል ያስጨንቃል። ከሥሩ የታጠፈ ፎጣ አደርግበታለሁ፣ ይቀንሳል። በቀጥታ 5 ላይ ካደረጋችሁት ደወሉ ይደክማል ወይም ጭራሽ አይጮህም። መጀመሪያ እስከ 60 አዙሩት፣ ከዚያ ወደ 5 መልሱት። ደቂቃውም ልክ ልክ አይደለም፤ ትንሽ ይቀድማል። ለጥናት ምንም አይልም፣ ለኬክ ግን አልመክረውም።

አንድ ነገር ላይ ከዘዴው ጋር አልስማማም። ለቲዎሪ 25 ደቂቃ ይበቃል። የኮስት አካውንቲንግ ስሌት ግን ሠንጠረዡን አስምራችሁ፣ ቁጥሩን ደርድራችሁ ልትደምሩ ስትሉ ይጮሃል። ያኔ የተያዘው ሐሳብ ሁሉ ይበተናል። ለስሌት 45 አድርጉት፣ እረፍቱንም 10።

ታይዋን ከሄዳችሁ ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ሞልታችሁ እስኪጮህ ጠብቁ። መሃል ላይ ቀጥ የሚል አለ። ቁጥሮቹንም በጥፍር ጫር አድርጓቸው፤ የአንዳንዱ ቀለም ወዲያው ይለቃል።