«ሙሉ ኪት» ያሉኝ የሃይድሮሊክ መሪ፣ ከወራት የድንጋይ ጉዞ በኋላ

ዘይቱ ይሞቃል። ስለዚህኛው መሪ የምለው ሌላው ነገር ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው።

የማወራው ስለ ፉል ሃይድሮሊክ መሪ ነው። መኪናዬ የ2000 ጂፕ ራንግለር ናት። ሞተሯ 4.0 ሊትር፣ የፊት አክስሏ ዳና 60 የሚባለው ጠንካራ ዓይነት፣ ጎማዋ 40 ኢንች። የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። ጂፗ ድንጋይ ላይ ብቻ ነው የምትነዳው፣ አስፋልቱን በተጎታች ተጭና ነው የምታልፈው።

ለማያውቀው ባጭሩ ላስረዳ። የተለመደ መሪ ከጎማው ጋር በብረት የተያያዘ ነው፦ ዘንግ፣ የመሪ ሳጥን፣ ክንድ፣ በትር፣ ቴስቲና። እዚህ ግን ከዚያ ብረት አብዛኛው የለም። መሪውን ስትጠመዝዝ ኦርቢታል የሚባል ቫልቭ ዘይት ለክቶ አክስሉ ላይ ወደተቀመጠው ሲሊንደር ይልካል፣ ሲሊንደሩ ጎማውን ይገፋል። በእጅህና በጎማው መሃል ያለው ዘይት ብቻ ነው።

ጉልበቱን በተመለከተ ክርክር የለኝም። ጎማው ሁለት ድንጋይ መሃል ተሰንቅሮ እያለ በአንድ እጅ ታዞረዋለህ። በድሮው መሪ እንዲህ ስታደርግ ወይ በትሩ ይጎብጣል፣ ወይ ሳጥኑ ይሰነጠቃል፣ ወይ መሪው ተወርውሮ አውራ ጣትህን ይመታሃል። ይሄ አይመታም።

የትኛውን ኦርቢታል ልግዛ ለምትሉኝ ደግሞ ሒሳቡ ቀላል ነው። የእኔ ሲሊንደር ውስጡ 2.5 ኢንች፣ ዘንጉ 1.5 ኢንች፣ ጉዞው 8 ኢንች ነው። ከጥግ እስከ ጥግ ለመሄድ 410 ሲሲ ገደማ ዘይት ይፈልጋል። ኦርቢታሉ በአንድ ዙር 120 ሲሲ የሚልክ ከሆነ ሦስት ዙር ተኩል ያህል ታዞራለህ ማለት ነው። 160 ብትወስድ ሁለት ተኩል አካባቢ ይወርዳል። ለድንጋይ እኔ 120ውን እወዳለሁ፣ ረጋ ያለ ነው።

አሁን ወደ ንዴቴ።

የሸጠልኝ ሰውዬ «ሙሉ ኪት ነው፣ ገጥመህ መንዳት ነው» አለኝ። ሳጥኑን ስከፍት ፓምፕ አለ፣ ኦርቢታል አለ፣ ሲሊንደር አለ፣ ቱቦዎች አሉ፣ የሻይ ብርጭቆ የምታህል የዘይት ማጠራቀሚያ አለች። ማቀዝቀዣ የለም። ደውዬ ስጠይቀው «አያስፈልግህም፣ አንተ እኮ በዝግታ ነው የምትነዳው» አለኝ። ወንድሜ፣ ችግሩ መዘግየቱ ነው እኮ! በፍጥነት የሚሄድ መኪና ንፋስ ያገኛል። እኔ በእግር ከሚሄድ ሰው ባነሰ ፍጥነት እየተሳብኩ ከየት አመጣለሁ?

ጎማው ድንጋይ ላይ ተጣብቆ እምቢ ሲል፣ ወይም መሪውን ጥግ አድርሰህ ስትይዝ፣ ፓምፑ የሚልከው ዘይት መሄጃ ያጣል። ግፊቱ ከፍ ይልና በማስተንፈሻው ቫልቭ በኩል እየተንጨረጨረ ይመለሳል። ሥራ አልሠራም፣ ጉልበቱ ግን የትም አልጠፋም፣ ሁሉም ሙቀት ይሆናል። 100 ባር ግፊት ላይ በደቂቃ 12 ሊትር ቢያልፍ 2 ኪሎዋት ነው። የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ከሚወስደው ግማሽ ያህል ማለት ነው፣ ያውም ያቺ ብርጭቆ ዘይት ውስጥ!

ሞአብ፣ ዩታ፣ ፕሪቸት ካንየን የሚባለው የድንጋይ መንገድ የሄደ ሰው የምለው ይገባዋል። ቀዩ አለት ራሱ ፀሐይ ጠጥቶ ከታች ይተፋብሃል። ሮከር ኖከር የሚባለው ደረጃ ላይ ስደርስ ፓምፑ እንደተረገጠ ድመት ጮኸ፣ ማጠራቀሚያው አረፋ ደፈቀ፣ መሪው ደነዘዘ። አረፋ አየር ነው፣ አየር ደግሞ ይጨመቃል፣ ስለዚህ መሪውን ታዞራለህ ጎማው ግን ቆይቶ ነው የሚሰማህ፣ ያም ከሰማህ። አንድ ጎማ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ይሄ ቀልድ አይደለም። ጥላ ፈልገን ዘይቱ እስኪበርድ ቁጭ አልን። የፓምፑ ፓራኦሊዮም (ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘው ላስቲክ) በዚያው አለቀ። ተራው የናይትሪል ላስቲክ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው አቅሙ፣ ከዚያ በላይ እየደረቀ ይሰነጠቃል።

ሻጩ ይህን ስነግረው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ኪንግ ኦፍ ዘ ሃመርስ ላይ የሚወዳደሩት እኮ ይሄንኑ ዓይነት ነው የሚጠቀሙት።» አዎ፣ እዚያ የበረሃና የድንጋይ ውድድር ላይ ፉል ሃይድሮሊክ ሞልቷል። ግን ካሊፎርኒያ፣ ጆንሰን ቫሊ በረሃ ውስጥ በፍጥነት ሲበሩ ንፋሱ አለላቸው፣ ድንጋዩ ላይ ሲደርሱ ደግሞ ማቀዝቀዣና ቬንትሌተር ተገጥሞላቸዋል። እሱን ለምን ዘለልከው?

በመጨረሻ ያዳነኝ ይሄ ነው። የራሱ ቬንትሌተር ያለው ማቀዝቀዣ በመመለሻው መስመር ላይ አስገባሁ፣ ሙቀት ሲጨምር በራሱ ይነሳል። ማጠራቀሚያውን በትልቅ ቀየርኩና ከፓምፑ በላይ ሰቀልኩት። ወደ ፓምፑ የሚወርደውን ቱቦ ወፍራምና ቀጥ ያለ አደረግሁት፣ ቀጭን ወይም የታጠፈ ቱቦ ከሆነ ፓምፑ ዘይት እየራበው ነው የሚጮኸው። የፓምፑን ፑሌጃ (ችንጋው የሚያዞረውን ክብ ብረት) ፓምፑ ቶሎ እንዲዞር በትንሽ ተካሁት፣ ምክንያቱም ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ላይ እያለ ፓምፑ ቀርፋፋ ነው፣ እኛ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሚኒሞ ላይ ነን። ከዚያ ወዲህ ጩኸት የለም፣ አረፋ የለም፣ መሪው ከሰዓት በኋላም እንደ ጠዋቱ ነው። ወጪው ግን የኪቱን ሲሶ ያህል ነው። ከኪሴ!

ሌላው እንከን ሻጩም አልደበቀውም። መሪው ወደ መሃል አይመለስም፣ አዙረህ የተውክበት ይቀራል። በዚያ ላይ ኦርቢታሉ ውስጥ ትንሽ ዘይት ስለሚሾልክ የመሪው አቀማመጥ ቀስ በቀስ ይዛባል፤ ጎማው ቀጥ ብሎ ሳለ መሪው ጎን ዞሮ ታገኘዋለህ። ድንጋይ ላይ ጎማውን በዓይን ስለምታይ ግድ የለም። አውራ ጎዳና ላይ ግን ያስፈራል፣ ሞተሩ ቢጠፋ መሪው ድንጋይ ነው፣ ቱቦ ቢፈነዳ ደግሞ የሚተርፍ ብረት የለም። ለዚህ ነው በተጎታች የምወስዳት። ልጅ ትምህርት ቤት በምታደርሱበት መኪና ላይ ይሄን እንዳትገጥሙ። የመሪ ሳጥኑን ሳያስወጣ በትንሽ ሲሊንደር ብቻ የሚያግዘው ዓይነት አለ፣ እሱ ይበቃችኋል።

ልመልሰው ወይ? አልመልሰውም። ዛሬ ቢሰረቅብኝ ነገ ሌላ እገዛለሁ፣ ከዚያ ሱቅ ግን ብሎን እንኳ አልገዛም። በቅርቡ ለጓደኛዬ ዋጋ ላጣራ ደወልኩላቸው። «አሁን ኪቱ ከነማቀዝቀዣው ነው፣ ሙሉ ነው» አሉኝ። ቬንትሌተሩስ? ስላቸው «እሱ ለብቻው ነው የሚሸጠው» አሉ።